ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ

ጅማ፣ ሐምሌ

ካቢኔቱ ከተሰቀለ፣ ግራናይቱ ከተቀመጠና ሲንኩ ውሃ ማውረድ ከጀመረ በኋላ ወጥ ቤት ያለቀ ይመስላል። የሚቀረው ከግራናይቱ እስከ ላይኛው ካቢኔት ያለው ባዶ ግድግዳ ነው፤ ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ትንሽ ቦታ ስለሆነ ሰው መሸፈኛውን በቀለም ብቻ ይመርጥለታል። እኔ ቀለሙን ወደ መጨረሻ እገፋዋለሁ። አስቀድሜ የማየው እዚያ ምድጃ ላይ ምን እንደሚበስልና ከልስኑ ሥር ምን ዓይነት ግድግዳ እንዳለ ነው። ጅማ ላይ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ግን በሚበስለው ልጀምር።

ቀይ ወጥ ሲንተከተክ የሚፈናጠቀው ዘይት የበርበሬውን ቀለም ይዞ ነው። ያ ቀለም በዘይት እንጂ በውሃ አይሟሟም፤ እርጥብ ጨርቅ ብቻውን ያዳርሰዋል እንጂ አያነሳውም። መጀመሪያ ዘይቱ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና መልቀቅ አለበት። የአልጫው እርድ ደግሞ የባሰ ነው። ሴራሚኩ ፊት ላይ ቢያርፍ ይጠረጋል፤ ሲሚንቶ ወዳለበት መገጣጠሚያ ከገባ ግን ሰርጎ ይቀራል። በልብስ ሳሙና ሲያሹት ቢጫው ወደ ቀይ ይዞራል። እድፉ የከፋ ይመስላል እንጂ እርድ አልካሊ ሲነካው የሚያሳየው ጠባይ ነው፤ ሳሙናው በደንብ ሲታጠብ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ከማሸት ይልቅ የሚያደበዝዘው የፀሐይ ብርሃን ነው፤ የምድጃ ጀርባ ግን ፀሐይ ከየት አግኝቶ! ቡና የሚቆላበት ወጥ ቤት ከሆነ ደግሞ ጭሱ ቅባት ያለው ቡናማ ስስ ሽፋን ይደርብበታል።

ስለዚህ የምፈራው ሴራሚኩን ሳይሆን መገጣጠሚያውን ነው። ባለ5 ሳንቲ ሜትር ሞዛይክ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ 40 ሜትር ያህል የመገጣጠሚያ መስመር አለው። 30 በ60 የሆነው ሴራሚክ ግን 5 ሜትር ብቻ። ሞዛይኩ ሱቅ ውስጥ ዓይን ይስባል፣ በዓመቱ ግን በጥርስ ብሩሽ የሚፈተገው እሱ ነው። ትልቁን ሴራሚክ በ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት አስለጥፎ፣ መገጣጠሚያውን ጠቆር ባለ ግራጫ ግራውት (የመገጣጠሚያ መሙያ) መሙላት ለእኛ ምግብ ይስማማል። ነጭ ግራውት ሲንኩ ጋ ይሁን፤ ምድጃ ጀርባ አልመክረውም። ምንም የማይመጠው፣ በሁለት ክፍል የሚመጣ ኢፖክሲ ግራውት አለ፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ሁለቱን ክፍል ከደባለቁ በኋላ ቶሎ ይጠነክራል፣ ፊቱ ላይ የቀረው ስስ ሽፋን ወዲያው ካልተጠረገም አይለቅም። ከምድጃው ጀርባ ላለው አንድ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ያዋጣል።

ግድግዳው ጋ ስንመጣ፣ እዚህ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ብዙም ፋታ አይሰጥም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን 28 ቀን ይጠብቃል የሚባለው በደህና አየር ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ከዚያም ይረዝማል። ቸኩለው ሲለጥፉበት ውስጡ የቀረው እርጥበት ጨው እየጎተተ በመገጣጠሚያው ይወጣል፣ ነጭ ዱቄት የሚመስለውም እሱ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፌስታል ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ማሳደር። ጠዋት ከውስጥ በኩል ላብ ከያዘ ግድግዳው ገና ነው።

ስታኮ (ከቀለም በፊት የሚቀባ ማለስለሻ) የተቀባ ወይም የዘይት ቀለም ያለው ግድግዳ ላይ በቀጥታ መለጠፍ ደግሞ ሴራሚኩን ከቀለሙ ጋር እንጂ ከግድግዳው ጋር ማያያዝ አይደለም። ስታኮው እስከ ልስኑ ይፋቅ፣ የዘይት ቀለሙም በመዶሻና በመሮ ይበሳሳ። የጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ላዩ ላይ ያለው ስስ ልስን አብሮት ሲንቀሳቀስ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። የዶሮ ሽቦ በምስማር ከእንጨቱ ጋር (ከጭቃው ጋር አይደለም) አያይዞ፣ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ በሆነ ቅልቅል ሁለት ጊዜ ማልበስ ያስፈልጋል። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ሴራሚኩን ትቶ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ስስ ቆርቆሮ በብሎን ከእንጨቱ ጋር ማሰር ይሻላል። እሱ ቢንቀሳቀስም አይሰነጠቅም። በበረኪና ግን ጨርሶ አይወልወል፤ ክሎሪኑ ብረቱን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይበላዋል።

ሌሎቹን በአጭሩ። ተለጣፊ ስቲከር የኤሌክትሪክ ምጣድ እንፋሎት በሚያርፍበት ቦታ ጠርዙ ይነሳል፤ ለኪራይ ቤት ካልሆነ አይመከርም። የእብነ በረድ መልክ ያለው ፒቪሲ 80 ዲግሪ አካባቢ ስለሚለሰልስ ከጋዝ ምድጃ ጀርባ ይጣመማል፤ ሲንኩ ጋ ግን ምንም አይል። እውነተኛው እብነ በረድ ሎሚና ቲማቲም ሲነካው ወዙን ያጣል፣ እርድም ይጠጣል። ባለ6 ሚሊ ሜትር ተምፐርድ መስታወት መገጣጠሚያ ስለሌለው ለጽዳት የሚወዳደረው የለም። ችግሩ አንዴ በእሳት ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። የሶኬቱ ቀዳዳ ልኬት ከመታዘዙ በፊት ካልተወሰደ ሙሉው ይጣላል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 3.6 ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ 2.16 ካሬ ነው። 30 በ60 ሴራሚክ ስድስት በሁለት ረድፍ፣ 12 ቁራጭ ይወስዳል። ክፍተቶቹ ስለሚደመሩ ከላይኛው ረድፍ ግማሽ ሳንቲ ሜትር፣ ከጎን ደግሞ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቆረጣል፤ የጎኑን ለሁለቱም ዳር ማካፈል ነው። 8 ቁራጭ በሚይዝ ካርቶን ሁለት ይበቃል፤ አራቱ ይተርፋሉ፣ ይትረፉም። ሁለቱ ካርቶን ላይ ያለው የቀለም መለያ ቁጥር አንድ መሆኑ ከሱቅ ሳይወጣ ይታይ። ማጣበቂያው በካሬ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ስለሚፈጅ አንድ ባለ20 ኪሎ ከረጢት ከበቂ በላይ ነው። ግራውቱም አንድ ኪሎ አይሞላም።

ሴራሚክን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ከጀርባው አምስት ቦታ ሲሚንቶ ጉብ ጉብ አድርጎ መለጠፍ የኖረ አሠራር ነው። ውሃ ለሚመጠው ተራ የግድግዳ ሴራሚክ እንደምንም ይሠራ ነበር። ፖርስሊን የሚባለው ጠጣር ሴራሚክ ግን ውሃ የሚመጠው ከግማሽ በመቶ ስለማይበልጥ ሲሚንቶው የሚይዝበት የለውም፤ ወራት ቆይቶ ሙሉውን ይለቃል። ጉብታዎቹ መሃል ያለው ባዶ ቦታም በጣት ሲመቱት ይጮኻል፣ መደርደሪያ ልሰቅል ብለው ሲበሱት ይሰነጠቃል። ማጣበቂያው 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ባለው መለቅለቂያ በአንድ አቅጣጫ ይሰመር፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚሸፈነውን ያህል ብቻ። ፊቱ ቆዳ ካወጣ ተፍቆ ይጣል፣ ውሃ እየጨመሩ ማነቃቃት ማጣበቂያውን ያዳክመዋል።

አጀማመሩ ላይ ክርክር አለ። እኔ ከምድጃው መሃል እንዲጀመር እወዳለሁ፤ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነውና ቁርጥራጩ ወደ ዳር ይሂድ። የግራናይቱ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው ብሎ ማመን አይገባም፤ ውሃ ልክ ይያዝበት። ከታች 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት በፕላስቲክ መለያ ይተው። ያን ክፍተት ብዙ ባለሙያ በግራውት ይዘጋዋል፤ ካቢኔቱና ግድግዳው ግን ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ በጥቂት ወር ውስጥ ይሰነጠቅና የሲንኩ ውሃ በዚያ ወርዶ የካቢኔቱን ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) ያሳብጠዋል። ቦታው የሲልከን ነው። ግራናይቱ ሳይሆን እብነ በረድ ከተቀመጠ ደግሞ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲልከን አይነካው፤ ኒውትራል የሚለው ይገዛ።

ሶኬቶቹ ከሲንኩ ጠርዝ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቁ። ሴራሚኩና ማጣበቂያው ተደምረው ግድግዳውን ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚያወፍሩት የድሮው ብሎን ለሶኬቱ አይደርስም። ረዘም ያለው አስቀድሞ ይገዛ፤ አለበለዚያ ክዳኑ በሴራሚኩ ላይ እየተወዛወዘ ይቀራል።