ቢልጫ ልጇን አትታቀፍም

ቁንዝላ አካባቢ፣ ጣና ዳር፣ የዓሣ ምርት መዝጋቢ ሆኜ ስሠራ ያጋጠመኝ ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር። አንድ ወጣት አስጋሪ ከመረቡ ቀረሶ የምትባል ዓሣ ሲያላቅቅ አፏን ከፈተች። መዳፉ ላይ ዓይናቸው ብቻ ጎልቶ የሚታይ ጥቃቅን ጫጩቶች ፈሰሱ።

«ልጆቿን ስትበላ ያዝኳት!» ብሎ ጮኸ።

አጠገቡ መረብ የሚጠግኑ አዛውንት ቀና አሉ። «አልበላቻቸውም ልጄ፤ ታቅፋቸው ነው።»

እውነታቸውን ነው። ቀረሶ ጥልቀት በሌለው ውሃ እንቁላሏን ትጥልና ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። የሚፈለፈለውም እዚያው አፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላ እንኳ፣ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ይገቡባታል። እሷ በእነዚያ ቀናት ምግብ እምብዛም አትቀምስም። እንዲህ ያለ እናትነት ዓሣ ላይ ማየት እስካሁን ይደንቀኛል።

ልጁ ግን ሌላ ነገር አሰበ። «ታዲያ አያ፣ ዓሣ ልጁን እንዲህ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ክረምት ላይ ወንዙ አፍ መረብ አትዘርጋ የምትሉኝ ለምንድን ነው?»

«ቢልጫ ልጇን አትታቀፍም» አሉት። ከራሱ ጀልባ ቢልጫ የምትባለውን ዓሣ፣ አንዲት ትልቅ፣ አንስተው ሆዷን ቀደዱ። ቢጫ እንቁላል ከዳር እስከ ዳር ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ለሌላ ነገር ቦታ አልተረፈም።

«ከየት አወጣሃት?»

«ከግልገል አባይ ወንዝ አፍ።»

ጣና ውስጥ 15 ያህል የቢልጫ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ ሌላ የትም የሉም። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወንዝ ሽቅብ ይወጣሉ። ጠጠር ያለበት፣ ጥሩ የሚፈስ ንጹህ ውሃ ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥሉና ይመለሳሉ። ጠባቂ የለውም። አምባዛ የምትባለው ዓሣም እንቁላሏን ጎርፍ የሸፈነው ሣር ላይ ጥላ ትሄዳለች። ቀረሶ ግን ቶሎ ትደርሳለች፣ ደጋግማም ትወልዳለች፤ ብትጎዳም ታገግማለች። ትልልቆቹ ቢልጫዎች ለመውለድ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲጠብቃቸው እናቶቹ ገና ሳይወልዱ በጅምላ ያልቃሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ ከመጣ ወዲህ ቢልጫ ክፉኛ ለመመናመኑ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እኔን እንደዚህ የሚያንገበግበኝ ነገር የለም።

ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ክረምቱን ምን ልብላ ታዲያ?» አለ።

ተገቢ ጥያቄ ነው። አዛውንቱም አልተቆጡም። «ባሕሩ ሰፊ ነው፤ ገባ ብለህ አስግር። የወንዙን አፍ ብቻ ተውላት» አሉት።

ጉዳዩን ለአስጋሪዎቹ ማኅበር ስብሰባ ይዘን ቀረብን። እስከ ጥቅምት መጨረሻ መረባቸውን ከወንዙ አፍ ለማራቅ የተስማሙ ነበሩ፤ «ሌላው ከዘረጋ እኛም እንዘረጋለን» ያሉም ነበሩ። ልጁ ከተስማሙት ጋር እጁን አወጣ።