የመጀመሪያዬ የሴራሚክ ሥራ፦ መታጠቢያ ቤቱ እዚህ ደርሷል

የቤታችንን መታጠቢያ ክፍል በራሴ እጅ እያደስኩ ነው። ወለሉ ተነጥፎ አልቋል፤ ግድግዳውም ጥቂት ነው የቀረው። ሙያው ሳይኖራችሁ ልትሞክሩት ለምታስቡ፣ እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ውሃን የሚያቆመው ሴራሚኩ አይደለም። በሴራሚኮቹ መሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የሲሚንቶ ግራውት ቀስ እያለ ውሃ ያሳልፋል። ቤቱን ከእርጥበት የሚጠብቀው ከሥር የሚቀባው ውሃ የማያስገባ ቅብ ነው። ለዚህም ነው አብዛኛውን ጉልበቴን ተሸፍኖ በሚቀረው ሥራ ላይ ያዋልኩት።

ስለ ማፍረሱ ብዙ አልልም። መነጽር፣ ጓንትና የአቧራ ጭምብል አድርጉ። ውሃውንም መብራቱንም ከዋናው ዝጉ። የመውረጃውን አፍ በጨርቅ ድፈኑ፤ ፍርስራሽ ከገባበት ማውጣቱ ጣጣ ነው።

ቀጥሎ ስሎፕ ነው። ወለሉ ወደ መውረጃው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ካነሰ ውሃ ይቋጥራል። ክር ወጥሬ፣ ከየማዕዘኑ በውሃ ልክ እያየሁ ነው ያስተካከልኩት። «ጎድጎድ ያለውን ኋላ በኮላ እንሞላዋለን» የሚባለውን አትስሙ። ኮላ ማጣበቂያ እንጂ መሙያ አይደለም፤ ከወፈረ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሴራሚኩንም ከልኩ ያወጣዋል።

ቅቡን ሁለት ጊዜ ቀባሁ። የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛውን በተሻጋሪ አቅጣጫ። ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ጥግና በቧንቧ ዙሪያ ማጠናከሪያ ጨርቅ ቅቡ ውስጥ ይቀበራል፤ ስንጥቅ የሚወደው እዚያ ነው። ቅቡ በደንብ ከደረቀ በኋላ መውረጃውን ደፍኜ ወለሉ ላይ ውሃ አቆምኩ፣ ከፍታውንም በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት። ከ24 ሰዓት በኋላ ውሃው እዚያው ምልክቱ ላይ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከሥራው ሁሉ ትልቁን ደስታ የሰጠኝ ይህ ነው። ይህን ሙከራ በፍጹም እንዳትዘሉት።

ኮላ ከመበጥበጣችሁ በፊት ሴራሚኩን በደረቁ ደርድሩት። ጫፍ ላይ ቀጭን ቁራጭ የሚመጣ ከሆነ መነሻውን በግማሽ ሴራሚክ አሸሹት፤ በሁለቱም በኩል ሰፋ ያለ ቁራጭ ይመጣላችኋል። ግድግዳውን የጀመርኩት ከሁለተኛው ረድፍ ነው። ቀጥ ያለ ጣውላ በውሃ ልክ አስሬ እሱ ላይ አስቀመጥኳቸው። ወለሉ ስሎፕ ስላለው የታችኛው ረድፍ በመጨረሻ እየተለካ ነው የሚቆረጠው።

ኮላው ከተበጠበጠ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አርፎ እንደገና ይማሰላል። መጠጠር ሲጀምር ውሃ አይጨመርበትም። ጥርስ ባለው መዘርጊያ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አበጥሩት፤ ሴራሚኩን ስትጫኑት መስመሮቹን እያቋረጣችሁ ወዲህና ወዲያ አንቀሳቅሱት። እንዲህ ሲሆን ከሥር ያለው አየር ይወጣል። የተዘረጋውን ኮላ በጣት ንኩት፤ ጣት ላይ ካልቀረ ፋቁትና አዲስ ዘርጉ። አልፎ አልፎ አንዱን አንስታችሁ ጀርባውን እዩ። ውሃ በሚበዛበት ቦታ ቢያንስ 95 በመቶው በኮላ መሸፈን አለበት። ባዶ የቀረው ቦታ ውሃ ይቋጥራል፤ ከባድ ነገር ሲወድቅበትም ይሰበራል።

የሚቀረኝ ግራውቱ ነው። የመጨረሻው ሴራሚክ ከተለጠፈ ቢያንስ 24 ሰዓት እጠብቃለሁ፤ በየመሃሉ የወጣውን ኮላም እስከዚያው እፍቃለሁ። ለወለሉ ግራጫ መርጫለሁ፤ ነጩ ቆሻሻ ቶሎ ያሳያል። ጥጎቹን ግን በግራውት አልሞላም። ግድግዳውና ወለሉ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ግራውት እዚያ ይሰነጠቃል። ለጥጎቹ ሻጋታ የሚቋቋም ሲሊኮን አዘጋጅቻለሁ፤ እሱ የሚገባው ግራውቱ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው።