የሦስት ዶሮዎቼ ድንገተኛ ሞት

የመጀመሪያዋን ዶሮ አንድ ማለዳ ከቆጡ ሥር ወድቃ አገኘኋት። ከዋዜማው እንቁላል የጣለች፣ እህሏን ጥርግ አድርጋ የበላች፣ ኩሷም ላባዋም ያልተለወጠ ዶሮ ነበረች። አዝኜ ቀበርኋት። ከስድስት ቀን በኋላ ሁለተኛዋ እንቁላል በምትጥልበት ሣጥን ውስጥ ሞታ ስትገኝ እርሷንም እንዲሁ ቀበርኋት። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱን ሊያሳየኝ የሚችለውን ነገር ሁለት ጊዜ በገዛ እጄ አፈር አልብሼዋለሁ።

በዚያ ሳምንት በልቤ የከሰስሁት ጎረቤቴን ነበር። ለአይጥ መርዝ ማስቀመጣቸውን ቀደም ብለው ነግረውኝ ስለነበር፣ በቃል ምንም ባልናገርም ሰላምታዬ ቀዝቅዞባቸው ነበር። ሌላው ፍርሃቴ ፈንግል ነው። ይሁንና ፈንግል ያልተከተቡ ዶሮዎች መካከል ሲገባ አንዷን ገድሎ ሌሎቹን እንደ ጤነኛ አይተዋቸውም፤ ብዙዎቹን በጥቂት ቀናት ይጥላል፣ በሕይወት ያሉትም ሲያቃስቱ፣ አረንጓዴ ሲያስቀምጣቸው፣ አንገታቸው ሲጠመዘዝ ይታያል። የእኔዎቹ ግን ይበላሉ፣ ይጭራሉ፣ እንቁላልም ይጥላሉ።

ሦስተኛዋ በ11ኛው ቀን ስትሞት አልቀበርኋትም። ዶሮ በሕይወት ሳለች የሰውነቷ ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚደርስ፣ ላባዋም ያንን ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይ፣ ከሞተች በኋላ ውስጧ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ጓንት አድርጌ ላባዋን እስከ ቆዳዋ ድረስ በቀዝቃዛ የሳሙና ውኃ አራስሁት፣ በሁለት ላስቲክ ጠቀለልኋት፣ ምግብ በሌለበት ማቀዝቀዣ ውስጥም በ4 ዲግሪ ገደማ አቆየኋት። በድኑን በረዶ ማድረግ አይገባም፤ በረዶው የሥጋውንና የጉበቱን ውስጥ እያፈረሰ ምርመራውን ያበላሻል። በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት።

ሐኪሙ ሆዷን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያየሁት ወፍራም ቢጫ ስብ ነበር። ከስቡ ኋላ ጉበቷን የሸፈነ ደም አለ። ደሙን ሳይ «መርዝ ነው» አልሁ፤ ብዙው የአይጥ መርዝ የሚገድለው ደም በማፍሰስ መሆኑን አውቅ ነበርና። እርሳቸው ግን ሳይቸኩሉ አሳዩኝ። እንዲህ ያለው መርዝ ደም እንዳይረጋ ስለሚከለክል፣ የተመረዘ እንስሳ ከቆዳው ሥር፣ በጡንቻው፣ በሌላም ቦታ ይደማል፤ ደሙም በደንብ አይረጋም። የእኔዋ ዶሮ ደም ግን ጠንክሮ የረጋ ሲሆን የፈሰሰውም ከአንድ ቦታ፣ ከጉበቷ ስንጥቅ ነበር። ጉበቷ ራሱ ቢጫ፣ ቅባታም፣ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ሆኗል። ከአዲሱ ስንጥቅ አጠገብ ደግሞ ቡናማ የሆኑ የቆዩ የደም ቋጠሮዎች ነበሩ። ይህች ዶሮ ከመሞቷ በፊት በትንሽ በትንሹ ስትደማ ቆይታለች ማለት ነው፤ እኔ ግን በአናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ መገርጣቱን እንኳ አላስተዋልሁም ነበር። ከተወሰደው ናሙናም በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አልተገኘም።

የእንቁላል አስኳል ስብ የሚዘጋጀው በዶሮዋ ጉበት ውስጥ ነው። እንቁላል በምትጥልበት ጊዜ ሆርሞኗ ጉበቷን ስብ እንዲሠራ ይገፋፋዋል፤ ከምትፈልገው በላይ ኃይል ሰጪ ምግብ እየበላች የማትንቀሳቀስ ከሆነ ስቡ እዚያው ይከማችና ጉበቱን በቀላሉ የሚቀደድ ያደርገዋል፤ ሙቀትም ያባብሰዋል። ከዚያ በኋላ እንቁላል ለመጣል ማማጧ ወይም ከቆጥ መዝለሏ ብቻ ሊቀደው ይችላል። ሁለተኛዋ በእንቁላል ሣጥኗ ውስጥ መሞቷ ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ሆኖም ስላልተከፈተች በእርግጠኝነት ልናገር አልችልም።

መብሉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ጭልፊት ስለፈራሁ ለሁለት ወር በጠባብ በረት ዘግቼባቸው፣ ይህን ለማካካስ በየምሽቱ የተከካ በቆሎና ዳቦ እስኪጠግቡ አበላቸው ነበር። የበቆሎ ፕሮቲን ከ8 እስከ 9 በመቶ ገደማ ሲሆን እንቁላል ጣይ ዶሮ ግን 16 በመቶ አካባቢ የሆነ መኖ ያስፈልጋታል። ጎረቤቴ ቤት ሄጄ ያሰብሁባቸውን ሁሉ ነግሬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

እኔ ያደረግሁት ግን ለሁሉም ጊዜ አይሆንም። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ዶሮዎች ከሞቱ የወፍ ጉንፋን ሊሆን ስለሚችል፣ እርሱም ወደ ሰው ስለሚተላለፍ፣ በድኑን መክፈትም ሆነ ይዞ መጓዝ አይገባም፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አሳውቆ እነርሱ እንዲመጡ መጠበቅ ይሻላል። ሥጋውንም መብላት ፈጽሞ አይገባም።

አሁን የቀሩት ስድስቱ መረብ በተዘረጋበት ሰፊ ግቢ ውስጥ ይውላሉ፤ የሚበሉትም የእንቁላል ጣይ መኖ ነው፤ በቆሎ አንድ እፍኝ ብቻ፣ ያውም እየጫሩ እንዲያወጡት ገለባ ውስጥ ተበትኖ ይሰጣቸዋል። በየሳምንቱ እመዝናቸዋለሁ፣ የአናታቸውንም ቅላት አያለሁ። አምስቱ ክብደት ቀንሰዋል፤ አንዷ ገና እንደ ከበደች ናት፤ ማለዳ በሩን ስከፍት በመጀመሪያ የምፈልገው እርሷን ነው።