ጉም የዋጠው የጓሳ ቀናችን

የዓመት ፈቃዳችንን አንድ ላይ ስንወስድ የጋብቻችን መታሰቢያ ቀንም እዚያው ውስጥ ወደቀ። የኔ ሐሳብ ቢሾፍቱ ነበር። የውሃ መንሸራተቻ ላይ መጫወት፣ ፀሐይ መሞቅ፣ ማታ ዓሣ መብላት። የባለቤቴ ልብ ግን ከድሮም ጓሳ ነው፣ መንዝ ያለው ጥብቅ የሳር ሜዳ። ቀይ ቀበሮን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። «ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም። አዋቂዎቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ሳላየው ቢጠፋ ይቆጨኛል» አለኝ። እንዲህ ከልቡ የሚፈልገውን ነገር እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? እሺ አልኩት።

ይህ እንግዲህ የሰሜን ሸዋ መንገድ ያለ ስጋት በሚኬድበት ጊዜ የሆነ ነው። ዛሬ ልሂድ የሚል ሰው መጀመሪያ ስለ መንገዱ ይጠይቅ።

ቀኑን ያቀድኩት እኔ ነኝ። ነገር በሰዓቱ ሲሆን ደስ ይለኛል። ደብረ ብርሃን አድረን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በኮንትራት መኪና ተነስተን፣ 4 ሰዓት ጓሳ እንደርሳለን። ቀበሮ እናያለን። ምሳ እንበላለን። ከዚያ ጭላዳ ዝንጀሮ። ማታ 1 ሰዓት ደብረ ብርሃን ተመልሰን ጥሩ እራት። ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤት ጓደኛው ባይኖክላር ተውሶ ሲያጸዳው ሲያጸዳው ሰነበተ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ እያልን ሳናስበው ደረስን።

ሌሊቱ ግን አልነጋ አለ። የያዝነው ሆቴል ሙቅ ውሃ አለው ተብለን ነበር። ቧንቧው ሲከፈት የመጣው እጅ የሚያደነዝዝ ውሃ ነው። አልጋው ላይ ያለው ብርድ ልብስ ደግሞ አንድ፣ እሱም ስስ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው። እንግዳ መቀበያ ወርጄ አንድ ብርድ ልብስ እንዲጨምሩልን ስጠይቅ «አልቋል» አሉኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። ደብረ ብርሃን እኮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ሐዋሳ ልጅ ሆኜ የለበስኩት ብርድ ልብስ ከዚህች ከተማ የመጣ ነው፤ እናቴ ዛሬም አስቀምጣዋለች። እዚሁ መጥቼ በብርድ ማደሬ ከነከነኝ። ሐዋሳ ማታ በቲሸርት ሐይቁ ዳር የሚኬድበት አገር ነው፤ እንዲህ ያለ ብርድ ሰውነቴ አያውቀውም። ባለቤቴ ጃኬቱን አውልቆ ደረበልኝና እሱ በሹራብ ተኛ።

እንቅልፍ ስላልመጣልኝ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ሰማዩ ጥርት ብሎ በኮከብ ሞልቷል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን እዚህ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው ነው ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከተማዋን የቆረቆሩት። ያን ጊዜ አዲስ አበባ የማላየውን ያህል ኮከብ እያየሁ፣ ንጉሡ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ እዚህ መቅረታቸው አልደነቀኝም።

ጠዋት 12 ሰዓት ሻንጣችንን ይዘን በር ላይ ነበርን። ሾፌሩ የመጣው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያውም ባዶውን አይደለም። ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሰዎች ከነጆንያቸው ተቀምጠዋል። «ኮንትራት አይደል እንዴ የያዝነው?» ስለው «እግረ መንገዴን ጣርማ በር ላወርዳቸው ነው፣ ምን አለበት እህቴ» አለኝ። ሰዎቹ ምንም አላጠፉም፣ መንገደኞች ናቸው። እኔን ያናደደኝ ሳይጠይቀን ማድረጉ ነው። ደርሶ መልስ 5,000 ብር ተስማምተናል፤ ግማሹን ማታውኑ ተቀብሎናል።

ጣርማ በር ስንደርስ ነፋሱ የመኪናውን በር ከእጄ ነጠቀኝ። ጣሊያን በ1930ዎቹ ተራራውን ፈልፍሎ የሠራው ዋሻ እዚያ ነው፤ 587 ሜትር ይረዝማል። የኛ መንገድ ከዋሻው በፊት ወደ መንዝ ስለሚታጠፍ አንገባበትም። ባለቤቴ ቢያንስ አፉን ልየው ብሎ ሮጠ። ቆሎ ሻጮቹ እኔን ከበቡኝ። የገብስ ቆሎ ከሽምብራና ከሱፍ ጋር፣ ገና ትኩስ። አንዷ ልጅ በስኒ ሰፍራ ካበቃች በኋላ እፍኝ ሙሉ መረቀችልኝ። ያ ቆሎ ዋለልን፣ እንደውም የቀኑ ምሳችን እሱ ሆነ።

ባለቤቴ ሲመለስ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሞ ነበር። ከዚህ በኋላ ኮረኮንች ስለሆነ 1,500 ብር ጨምሩ አለን። ጓሳ መንገዱ ኮረኮንች መሆኑን የዚያ አገር ሾፌር ማታ አያውቅም ነበር? ያውቃል። ያወቀው እኛ መሐል መንገድ ላይ ሌላ መኪና እንደማናገኝ ነው። ባለቤቴ ጭቅጭቅ አይወድም። እኔ ግን ለቃል ትልቅ ቦታ አለኝና ተከራከርኩ። በመጨረሻ 1,000 ጨምረን ተንቀሳቀስን። እስከ መዘዞ ድረስ መኪናው ውስጥ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

መዘዞን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታውን ሲያወርደው እሱም ተንፍሷል። ሾፌሩ ሁለቱንም ጎማ በሚያልፍ አይሱዙ ላይ ጭኖ፣ መዘዞ ጎሚስታ ጋ ሄዶ እንደሚመለስ ነግሮን ጥሎን ሄደ። ሰዓቴን አየሁ። 4 ሰዓት። በእቅዱ ጓሳ መድረስ የነበረብን ሰዓት።

መንዝ ዛፍ ብዙ የለውም። ነፋሱን የሚከልል ነገር ስለሌለ ከመኪናው ጥግ ተሸጉጠን ቆምን። ከመንገዱ በላይ ካለ የድንጋይ ቤት አንዲት እናት ወጡ። «ምን ሆናችሁ ልጆቼ? በዚህ ብርድ ምን ያቆማችኋል? ኑ ግቡ እንጂ!» አሉን። ባለቤቴ ደፉ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ፣ ከአያቱ እንደለመደው «ቤት ለእንቦሳ» አለ። «እንቦሳ እሰሩ» ብለው በሩን ከፈቱት። ሳቁ። ከዚያ በኋላ የቤት ልጅ ሆነ።

ኩበቱ ሞቅ ብሎ እየነደደ ነው። መደቡ ላይ ባና አነጠፉልን። ወፍራም፣ ጥቁር፣ የበግ ጠጉር የሚሸት። እግሬን ጠቅልዬ ስቀመጥ ከማታው ጀምሮ ውስጤ የነበረው ብርድ ያን ጊዜ ለቀቀኝ። የገብስ ቂጣ በአዋዜ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ። እማማ እያወሩን እጃቸው አላረፈም። በግራ እጃቸው የተባዘተ ጠጉር ይዘዋል። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ሽር ያደርጉትና ይለቁታል፤ አየር ላይ እየሾረ ክሩን ይስበዋል፤ መሬት ሊነካ ሲል ቀለብ ያደርጉታል። አንዴም አላዩትም። የሚያዩት እኛን ነው። «ለልጄ በርኖስ ላሠራለት ነው። አዲስ አበባ ነው ያለ፣ ኮተቤ። ታውቁት ይሆን?» አሉን።

ወደ ጓሳ እንደምንሄድ ስንነግራቸው ወደ ጣሪያው ጠቆሙን። ክዳኑ የጓሳ ሳር ነው። «ከሌላ ሳር ይበልጣል፣ አይበሰብስም» አሉ። ገመዱም ከሱ ነው፣ እረኞች ዝናብ ሲመጣ የሚለብሱት ገሳም ከሱ። ድሮ ማንም እየተነሳ አያጭደውም። ቀሮ የሚባል ሥርዓት ነበር። ሕዝቡ ራሱ የመረጠው ሰው ይጠብቀዋል፤ ጓሳው ለዓመታት ተዘግቶ ይከርማል፤ ሳሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ሲጠበቅ ኖሯል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ላላ። «መሬት የሁሉም ነው ሲባል ሁሉም ማጭድ ይዞ ወጣ» አሉን እማማ። «ኋላ ነው አገሬው እንደገና ተሰብስቦ እንጠብቀው ያለ።»

ይህን ስሰማ ስለ ቀይ ቀበሮ ያለኝ ሐሳብ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ የባለቤቴ ፍቅር ነበር፤ ለኔ አንድ እንስሳ ነው። ቀበሮው የሚኖረው ግን በዚያ ሳር ውስጥ ያለውን አይጥ እየበላ ነው። ሳሩን ለጣሪያቸው ሲሉ የጠበቁ ሰዎች ናቸው ቀበሮውን ለኛ ያቆዩት።

ልንሄድ ስንል ብር ብናወጣ ተቆጡ። ለመንገድ የያዝነውን ብርቱካንና ስኳር ግን በስንት ልመና ተቀበሉን።

ጎማው ተሠርቶ ጓሳ ስንደርስ 8 ሰዓት አልፏል። ቦታው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። እኛ ያየነው ግን ከፊታችን ያለውን አሥር እርምጃ ብቻ ነው። ጉም ሁሉን ነገር ሸፍኖታል። የመግቢያውን ከፍለን፣ ደረሰኝ ተቀብለን፣ ከጥበቃዎቹ አንዱ ወጣት ይዞን ወጣ። ጓሳው እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፤ ጤዛው ሱሪዬን አረጠበው። ድንገት ድንገት ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይልና ሰው የቆመ ይመስለኛል። ባለቤቴ ባይኖክላሩን ያነሳል፣ ይጠርጋል፣ ያነሳል። ነጭ ብቻ።

ጠባቂው ትሑት ልጅ ነው፣ አልዋሸንም። «ጋሼ፣ ቀበሮን ለማየት እዚሁ ማደር ነው የሚሻለው። ጠዋት ጉሙ ሳይወርድ አይጥ ሲያድን ያገኙታል» አለው። ለእንግዳ ማደሪያ ማኅበረሰቡ የሠራው ሎጅ አለ፤ ምግብ ግን ራስ ይዞ ሄዶ ማብሰል ነው። ባለቤቴ ዝም አለ። የሱን ዝምታ አውቀዋለሁ። ሲናደድ ይናገራል፤ ሲከፋው ነው ዝም የሚለው። በዚያች ሰዓት ጓሳ ላይ ፀሐይ ለማውጣት ቢቻለኝ የደሞዜን ግማሽ እሰጥ ነበር።

ወደ ገደሉ ስንጠጋ ድምፅ ሰማን። የሰው ጉርምርምታ ነው የመሰለኝ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንደሚሰማው ዓይነት። ጠባቂው በእጁ ቁጭ በሉ አለን። ነፋስ መጣና ጉሙ ከገደሉ አፍ ላይ ተገፈፈ። ጭላዳ! ቀን ሜዳው ላይ ግጠው ማታ ገደሉ ላይ ነው የሚያድሩት፣ ነብርና ጅብ እንዳይደርስባቸው። ወደ ማደሪያቸው እየተመለሱ ነው። ተመራማሪዎች ለዓመታት ስለተከተሏቸው ሰው አያስደነግጣቸውም።

አንዲት እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ከእኛ ሦስት ክንድ በማይሞላ ቦታ ተቀመጠች። በአብዛኛው ሳር ነው የሚበሉት። በሁለት እጇ ትነቅላለች። ጣቶቿ አጫጭር ናቸው፣ ጥቁር፣ ፈጣን። የደረቀውን ትታ አረንጓዴውን ብቻ እየመረጠች እፍኟ ሲሞላ ወደ አፏ ታደርገዋለች። ሳትነሳ በቂጧ እየተንፏቀቀች ወደ ፊት ትሄዳለች። ደረቷ ላይ ያለው ቀይ ገላ እርጥብ ነበር። ልጇ ጎፈር ያለውን ትልቁን ወንድ ሲያይ ጀርባዋ ላይ ተለጠፈ። ባለቤቴን ዘወር ብዬ አየሁት። ባይኖክላሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን ያያል። ቆሎውን አወጣሁና በዝምታ ተካፍለን በላን። ለጭላዳዎቹ አልሰጠንም፤ ጠባቂው ምግብ መስጠት ክልክል ነው ብሎናል።

ሾፌሩ ከላይ ጡሩምባ ማስጮህ ጀመረ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ቀበሮ አላየንም።

የመልሱ መንገድ ጨለማና አቧራ ነበር፣ ደብረ ብርሃን ማታ 3 ሰዓት ገባን። ሾፌሩ አሁንም የማቆያ ይከፈለኝ አለ፣ ሌላ 1,000 ብር። የቆምንበት በሱ ጎማ እኮ ነው! ድምፃችን ሲሰማ አንድ ሽማግሌ ተራ አስከባሪ መጣና ሁለታችንንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስወራን። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሮ «አንተ፣ ስኮርታህ የተነፈሰው በነሱ ነው?» አለው። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ተራ አስከባሪው ራሱ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሌላ ማረፊያ አሳየን፤ የማረፊያው ባለቤት ሳንጠይቃት በነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ አመጣችልን።

ጥብስ አዘዝን። ባለቤቴ ገና እጁን ሳይታጠብ ጠባቂው የሰጠውን ስልክ ቁጥር አውጥቶ ደወለ። «ለጥር ነው፣ ጉም ለማይኖርበት» ይላል። «አዎ፣ ሁለት ሰው ነን።» ስልኩን በእጁ ከልሎ ወደኔ ዞረ። «ስንት ሌሊት ልበል?» አለኝ። ሦስት በል አልኩት።