ለሞላላ ድስት ግጣም ፍለጋ

ጥፋቱ የእኔ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ዋዜማ ማታ፣ ከስሎው ኩከሩ ላይ ያነሣሁትን ትኩስ የመስታወት ክዳን ሳላስብ ቧንቧ ሥር አስገባሁት። ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካው አንድ ጊዜ ጧ ብሎ እንደ ጨው ተበተነ። እናቴ ከሳሎን ሆና «ምንድን ነው የተሰበረው?» አለችኝ። «ክዳኑ» ስላት ዝም አለች። የእሷ ዝምታ ከቁጣዋ ይከብዳል።

ዕቃውን ለማያውቀው፣ ስሎው ኩከር ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ነው። ውጭው ማሞቂያ ያለው ቅርፊት፣ ውስጡ ወፍራም የሸክላ ማሰሮ ነው። እህቴ ከጀርመን ያመጣችው የእናቴን ጉልበት አይታ ነው፤ ከሰል ምድጃ ሥር ቁጢጥ ብላ ቅቅል መጠበቅ አልቻለችም ነበር። የእኛው 200 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ እንደሚፈልግ ካሰብን፣ ይህ እሳት ለመባልም አይበቃም። ያኔ ያልገባኝም ይኸው ነው። እሳቱ እንዲህ ትንሽ ከሆነ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ክዳኑ ነው። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድና በማሰሮው ከንፈር ዙሪያ ተኝቶ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጥራጥሬ በደጋ ድሮም ይዘገያል።

ለጉልባን የተዘፈዘፈው የባቄላ ክክና ስንዴ ማሰሮው ውስጥ ገብቷል። ከሰል ማያያዝ ይቻል ነበር፤ እልህ ያዘኝ። ቤት ያለውን ክዳን ሁሉ አወጣሁ። ሁሉም ክብ ነው፣ የእኛ ድስት ሞላላ። ክቡ ወይ ውስጥ ይወድቃል፣ ወይ ሁለቱን ጫፎች ከፍቶ ይቀመጣል። «ድስት ግጣሙን አያጣም» ያሉት ሰዎች ሞላላ ድስት አላዩም መሰለኝ። በመጨረሻ ትልቁን የቡና ትሪ ከደንሁበት፣ ሙቀጫውንም ጫንሁበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንፋሎቱ እንደ ዕጣን ጭስ በየጎኑ ሲወጣ አገኘሁት፤ ውሃው ግን ገና ለብ ያለ ነው።

ሥጋ ቢሆን ኖሮ እዚያው አቆም ነበር፤ ከ60 ዲግሪ በታች ለሰዓታት የቆየ ሥጋ ለጀርም ድግስ ነው። ቀይ ቦሎቄ ከሆነማ ክዳን ቢኖርም አይታመንም። በተፈጥሮው ያለው መርዝ በለብታ ስለማይጠፋ፣ አስቀድሞ በሌላ ድስት ቢያንስ 10 ደቂቃ ፍልቅልቅ ብሎ መፍላት አለበት።

ያዳኑኝ ጎረቤታችን ናቸው። ወንፊት ሊዋሱ መጥተው ትሪውንና ሙቀጫውን አዩና ሳቁ። «ልጄ፣ አረቄ ስናወጣ እንፋሎቱን በምን የምንይዘው ይመስልሃል? ሊጥ ለውሰህ ምረገው እንጂ!» አሉኝ። ዱቄት በውሃ ጠንከር አድርጌ ለወስሁ፣ እንደ ገመድ አድቦልቡዬ በማሰሮው ከንፈር ዙሪያ አስተኛሁት፣ ትሪውን ጫን አደረግሁበት። እንፋሎቱ ቀጥ አለ። ጠዋት ሊጡ እንደ ቂጣ ደርቆ በቢላዋ ነው የተላቀቀው፤ ፍርፋሪውም ጉልባኑ ውስጥ ገባ። የስንዴ ዱቄት ስለሆነ ጾም አያስፈታም። እናቴ ቀምሳ «በስሏል» አለች። ከዚያ በላይ አልጠበቅሁም።

ነገር ግን በየቀኑ ሊጥ እየመረጉ መኖር አይቻልም። ከፋሲካ በኋላ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሞላላ ክዳን አሠራሁ። ልኩ ግሩም ነበር። ችግሩ ቆርቆሮው ዚንክ የተለበጠ መሆኑ ነው። ቲማቲም የበዛበት ወጥ ሁለት ጊዜ ከሠራሁ በኋላ ውስጡ ነጫጭ ሆኖ አገኘሁት፤ ኮምጣጣ ነገር ዚንክን ይበላዋል፣ የተበላው ደግሞ ወደ ምግቡ ነው የሚሄደው። ሠሪውን አልወቅሰውም፤ ለምን እንደፈለግሁት አልነገርሁትም ነበር። አሁን የከሰል ጆንያ መክደኛ ነው።

ሸክላ ለሸክላ መሆን እንዳለበት የገባኝ ያኔ ነው። ወለቃ ከከተማው በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ ናት፤ ድሮ የቤተ እስራኤላውያን መንደር የነበረች፣ ዛሬም በሸክላ የምትታወቅ። ማሰሮውን ካርቶን ላይ ደፍቼ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሬ፣ ቆርጬ ይዤ ሄድሁ። ሸክላ ሠሪዋ ካርቶኑን አገላብጣ አየችና «ይህ የድስቱ ልክ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በኩራት «አዎ፣ ልክ በልኩ!» አልኋት። «እንግዲያው ያንስሃል ወንድሜ። ጭቃ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ እሳት ሲያገኘው ደግሞ ይብስበታል» ብላ በዙሪያው አንድ አውራ ጣት ጨመረችበት። እኔ የጠየቅሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መሐሉ ጉብ እንዲል፣ ጤዛው ወደ ዳር እንዲወርድ፤ ከሥሩም ወደ ማሰሮው ገባ የሚል ከንፈር እንዲኖረው።

የመጀመሪያው ሲቃጠል ተጣመመ፤ ስናስቀምጠው እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል። ሁለተኛው ደህና ነበር፣ ግን ፍጹም አልነበረም። ያስተካከልሁት በዱቄት ነው። የማሰሮውን ከንፈር ዱቄት ነስንሼ ክዳኑን ጫን አደርግና አነሣለሁ፤ ክዳኑ ላይ ዱቄት የያዘው ቦታ ከፍ ያለው ነው። ያንን በሻካራ ድንጋይና በውሃ አሸዋለሁ፣ እንደገና እነሰንሳለሁ። ሁለት ከሰዓት ፈጀብኝ። ይህን በቆርቆሮውና በትሪው ጊዜ ባውቅ ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልኝ ነበር፤ እኔ የምጨነቀው ክዳኑ ከምን ይሠራ እያልሁ ነበር፣ ጉዳዩ ግን ያለው ከንፈር ከከንፈር የሚገናኝበት ላይ ነው።

ማሟሸቱን እናቴ ለእኔ አልተወችልኝም። በከሰል ላይ አግላ እንደ ምጣድ በጎመን ዘር አሸችው። የአፈር ሽታው ከሦስተኛው ቅቅል በኋላ ጠፋ። ለመፈተን ሁለት ሊትር ውሃ ሞልቼ ስምንት ሰዓት አቆየሁት፤ የጎደለው አንድ የቡና ሲኒ ያህል ነው።

የሚያስቸግረው እንደ መስታወቱ አሳልፎ አለማሳየቱ ነው። በከፈቱት ቁጥር ምግቡ እስከ ግማሽ ሰዓት ሊዘገይ ይችላል፣ እናቴ ደግሞ ሳታይ አታምንም። ከንፈሩን በእጅ አሽቼ ስላስተካከልሁትም በአንድ በኩል ብቻ ነው በደንብ የሚገጥመው፤ ስለዚህ በሚስማር ክዳኑም ማሰሮውም ላይ አንዳንድ ጭረት አበጀሁ። ከፍታ ካየች በኋላ ጭረቱን ከጭረቱ ሳታገናኝ እየተወችው፣ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ክዳኑን ማዞር ሆኗል።