ሰሞኑን ለእናቴ የማነበው

«አሁን ምን እያነበብክ ነው?» ለምትሉኝ መልሱ ትንሽ ያሳፍራል። ሦስት መጽሐፍ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። ግን ምክንያት አለኝ።

እናቴ በቅርቡ የዓይን ሞራ ተገፎላት ቤት ነው የከረመችው። ሕክምናው ደህና ነበር። ሐኪሙ ግን ለጥቂት ሳምንት እንዳታጎነብሺ፣ ዓይንሽን እንዳታሺ፣ ጭስ ያለበት እንዳትገቢ አላት። እናቴን ቡና አታፍዪ፣ ሽሮ አታማስዪ ማለት አስሮ እንደማስቀመጥ ነው። ቴሌቪዥኑ ሁለት ቀን አገለገለና ሰለቻት። በሦስተኛው ማታ «እስቲ ዝም ብለህ ከምታፈጥበት ለእኔም ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አለችኝ። አጀማመሩ እንዲህ ነው።

ያን ማታ እጄ ላይ የነበረው የአዳም ረታ «የስንብት ቀለማት» ነው። ከ900 ገጽ በላይ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ይዤው ስገባ ረዳቱ «የሁለት ሰው ትከፍላለህ» ብሎ ቀልዶብኛል። አንድ ገጽ ተኩል እንዳነበብኩላት እማዬ አቋረጠችኝ። «ይሄ ሰውዬ ወዴት ሊሄድ ነው?»

ጥያቄው እውነት አለው። አዳም ቀጥ ባለ መንገድ አይሄድም። አጻጻፉን «ሕጽናዊነት» ይለዋል፣ ምሳሌው ደግሞ እንጀራ ነው። እንጀራ ላይ ዓይን ሁሉ ለብቻው ነው፣ ሁሉም ግን አንድ ሊጥ ነው፤ ታሪኮቹም እንደዚያ ናቸው ብዬ የገባኝን ያህል አስረዳኋት። ትንሽ አሰበችና «እንጀራውስ እሺ፣ ወጡ የታለ?» አለችኝ። ወጥ ታሪክ የለውም ማለቷ ይሁን የራት ሰዓት ደርሶባት እስካሁን አላወቅኩም። ያም ሆነ ይህ ቅኔ ነው።

«የስንብት ቀለማት»ን ለራሴ ጊዜ አስቀመጥኩት። አዳም ረታን ለጀማሪ የምትመክሩ ሰዎች፣ እባካችሁ በእሱ አታስጀምሩ። እኔ ራሴ የጀመርኩት በ«ግራጫ ቃጭሎች» ነው፤ ሁለት ጊዜ ጥዬው በሦስተኛው ነው የገባልኝ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ መዝገቡን፣ አንዴ ከወደዳችሁት ግን አይለቃችሁም። ለማንም ሰው በድፍረት የምሰጠው «አለንጋና ምስር»ን ነው። አጫጭር ታሪኮች ናቸው፣ አንዱ ባይጥማችሁ ሌላው አለ።

ታዲያ እናቴ ምን መረጠች? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነዋ!

እዚህ ላይ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። ይህን መጽሐፍ እስከ ዘንድሮ ድረስ በወረቀት አንብቤው አላውቅም ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ሁሌ «አንብቤዋለሁ» እላለሁ። እውነቱ ግን እንደ ብዙዎቻችሁ በጆሮዬ ነው የማውቀው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ያነበበው በካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ዩቲዩብ ሲዞር እኔም በልጅነቴ ከአጎቴ ሱቅ ጀርባ ጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ ስንቱ በዓይኑ፣ ስንቱ በጆሮው እንዳነበበው ቢቆጠር ጆሮ የሚያሸንፍ ይመስለኛል።

ችግሩ እናቴም የሰማችው እሱን ነው። የሰብለ ወንጌልን አባት፣ የፊታውራሪ መሸሻን ንግግር ጀምሬ ድምፄን ጎርነን ሳደርግ «ወጋየሁ እንዲህ አላነበበውም» ትለኛለች። «እንዴት ነው ያነበበው?» ስላት ራሷ ታሳየኛለች። ሰውዬውን የሰማችው ስንት ዘመኗ! ግን የት ላይ እንደሚያስል፣ የት ላይ ቀስ እንደሚል ታውቃለች። አሁን ተስማምተናል፦ ተራኪው እኔ፣ ፊታውራሪው እሷ። መጽሐፉን ፊቷ ላይ አልይዘውም፤ እኔ አንድ መስመር ዝቅ ባለ ድምፅ አቀብላታለሁ፣ እሷ በትዕቢት ትደግመዋለች። ከጎን ያሉት ጎረቤታችን አንድ ማታ «ምን ሆናችሁ ነው የምትጣሉት?» ብለው በር አንኳኩተዋል። አሁን እሳቸውም በርጩማ ይዘው ይመጣሉ።

በወረቀት ሳነበው የገረመኝ መጀመሪያው ነው። እኔ ትዝ የሚለኝ ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ብቻ ነበር። መጽሐፉ ግን እነሱ ጋ ለመድረስ አይቸኩልም። ማንኩሳ ላይ ቁጭ ብሎ የበዛብህን እናትና አባት፣ ውድነሽ በጣሙንና ቦጋለ መብራቱን፣ እንዴት እንደተጋቡ በዝርዝር ይነግረናል። ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የሚፈራት ሴት፣ ቤቷ የሚሠራ ድሃ ሰው። ልጃቸው ለቤተ ክርስቲያን በስለት የተሰጠ ነው፤ ያ ስለት ነው እስከ መጨረሻው የሚከተለው። በልጅነቴ ይህን ሁሉ የፍቅር ታሪኩ መንደርደሪያ አድርጌ ነው የሰማሁት። አሁን ግን ለብቻው ቢሆን እንኳ የምወደው ክፍል ሆኗል። እናቴም ስለ ውድነሽ ሳነብላት የሴቶቹ ሐሜት ላይ እያቋረጠችኝ «አይ ሰው!» ትላለች።

የአገሩን ልማድ የሚተቸውን ጉዱ ካሳን በተመለከተ ግን አልተግባባንም። እኔ እወደዋለሁ፤ ማን የማይወደው አለ? እናቴ «እውነቱን ነው፣ ግን ለሰው የሚነግርበት ጊዜ አያውቅም» ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ ገና ሲጀምር «ይሄ እብድ መጣ» ብለው ይስቃሉ፣ ልክ መጽሐፉ ውስጥ እንዳሉት ሰዎች። ሐዲስ ይህን ቢያዩ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ሦስተኛው መጽሐፍ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። 1962 ዓ.ም.። ይህን መጽሐፍ ከባድ ነው ሲሉኝ ነው ያደግኩት፣ ከባድም ነው። ከለገሃር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ ገዝቼው መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም በአንድ አካባቢ አቁሜያለሁ። ሰዎቹ ሲያወሩ ማን ምን እንዳለ ይጠፋብኛል፣ ቃላቱም የእኔ የአዲስ አበባ አማርኛ አይደሉም።

ታሪኩ የሚካሄደው ደብረ ሲና አካባቢ ነው። ዳኛቸው ራሱም የዚያው አገር ልጅ ነው። እናቴ ደግሞ የዚያው የይፋት ልጅ ናት! ይህን ነገር እንዴት ቀድሜ እንዳላሰብኩት አላውቅም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ትንሽ ሲያደክመን አንድ ማታ ለሙከራ አወጣሁትና ወይዘሮ አሰጋሽ የሚናገሩበትን አነበብኩላት። ገና ሦስት አራት መስመር ሳልሄድ ሳቀች። «ይቺማ አክስቴ ናት!» እኔ መዝገበ ቃላት የምፈልግበትን ቃል እሷ በእጇ ምልክት አስረዳችኝ። የጣርማ በርን ጭጋግ፣ ደጋው ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ቁልቁል ወርደው ቆላው ሲደርሱ የሚወልቀውን ልብስ፣ ገበያውን፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ከአንድ ገጽ ንባብ አንድ ሰዓት ጨዋታ ይወጣል። ሂደቱ የኤሊ ነው፤ እኔ ግን አልቸኮልኩም።

ከዚያ በኋላ የገባኝ ነገር አለ። «አደፍርስ» ከባድ የሆነብኝ ዝም ብዬ ስላነበብኩት ነው። ሰውየው የጻፈው የሚሰማ ንግግር ነው። ከአምሳሉ አክሊሉ ጋር «የአማርኛ ፈሊጦች»ን ያዘጋጀውም ይኸው ዳኛቸው መሆኑን ስታስቡት፣ ጆሮው ምን ያህል ከሰው አፍ ላይ እንደነበር ትረዳላችሁ። በነገራችን ላይ ያን የፈሊጥ መጽሐፍ ካገኛችሁት ያዙት። ልብወለድ አይደለም፤ እኔ ግን ከብዙ ልብወለድ በላይ አንብቤዋለሁ፣ በየትኛውም ገጽ ከፍታችሁ አንድ ነገር ታገኛላችሁ። የእኔን የተዋሰ ሰው አለ። ራሱን ያውቃል። ሦስት ዓመት ሆነው።

ጮክ ተብሎ የተነበበ መጽሐፍ ካነሳን አንድ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ተረጎመው። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው፤ ሦስት ሺህ ያህል ቁራጭ ወረቀት ማለት ነው። የሚፈቱ እስረኞች በሲጋራ ፓኮ ውስጥ እየደበቁ ጥቂት ጥቂቱን አወጡለት። እሱ ሲፈታ ከየሰዉ ቤት ለቅሞ ሰበሰበውና መጽሐፍ ሆነ። ነቢይ በ2016 ዓ.ም. አርፏል። መጽሐፉን እኔ ያነበብኩት ይህን ታሪክ ሳላውቅ ነው፤ የአሜሪካ ጦርነት፣ የጥጥ እርሻ፣ ቅብጥርጥር የምትል ልጅ። ካወቅኩ በኋላ ስመለስበት አማርኛው ሌላ ሆነብኝ። እያንዳንዱን አንቀጽ «ይሄ ስንት ፓኮ ይፈጃል?» እያልኩ ነው ያነበብኩት። እናቴ ሲጋራ ብሎ ነገር ስለማትወድ «እሱስ ለአንድ ቁም ነገር ዋለ» አለች።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበልላችሁ። በዓሉ ግርማን ያላነበበ ሰው ካለ፣ ሁሉም «ኦሮማይ» ይለዋል። እኔ ግን «ከአድማስ ባሻገር»ን ነው የማስቀድመው። «ኦሮማይ»ን የሚያነብ ሰው ከመጽሐፉ በፊት የደራሲውን መጥፋት ይዞ ይገባል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ መሰብሰቡ፣ በዓሉ በዓመቱ ከቤት ወጥቶ አለመመለሱ፣ ያንን ሁሉ ይዛችሁ ስታነቡት ጸሐፊው ምን ያህል ጎበዝ እንደነበር ለማየት ፋታ የለም። «ከአድማስ ባሻገር» ላይ ግን አበራን ብቻ ነው የምታዩት፤ ሥዕል ልሣል አልሣል እያለ የሚብሰለሰል ሰው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ሆናችሁ ሥራችሁን የማትወዱ ከሆነ ትንሽ ያማል፣ አስጠንቅቄያለሁ።

ግጥም ለምትወዱ የጸጋዬ ገብረመድኅን «እሳት ወይ አበባ»። እሱን ጮክ ብሎ ለማንበብ ሳንባ ያስፈልጋል። አንዱን ግጥም ለእማዬ ላነብላት ሞክሬ መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆምኩ፣ «ውሃ ጠጣ» አለችኝ።

አሁን ሰብለ ወንጌል ፍለጋ የምትወጣበት ላይ ደርሰናል። እናቴ አሁን ራሷ ማንበብ ትችላለች፣ መነጽርም ተሠርቶላታል። «ታዲያ ቀሪውን ራስሽ አትጨርሽውም?» ብዬ ሰጠኋት። መነጽሩን ሳጥኑ ውስጥ መለሰችውና «ፊታውራሪው የእኔ ነው፣ ሞቱን ግን አንተ አንብበው» አለችኝ። እህቴ ቅዳሜ ከአዳማ ስለምትመጣ እስከዚያ አቁመነዋል። ጎረቤታችንም ሌላ ቀጠሮ እንዳንይዝ አስጠንቅቀውናል።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሚነበብ አልተወሰነም። እኔ የብርሃኑ ዘርይሁንን «የታንጉት ምስጢር» አስቤያለሁ፤ የቴዎድሮስ ዘመን ነው፣ እናቴ ቴዎድሮስ ከተባለ አትንቀሳቀስም። እናንተ ጮክ ሲባል የሚያምር መጽሐፍ ካላችሁ ጠቁሙኝ። የስብሐትን «ሌቱም አይነጋልኝ» ግን እንዳትሉኝ። እሱን ለብቻዬ፣ በሬን ዘግቼ ነው የማነበው።