ውሃው ከቻርጅ በኋላ ነው

ጎልፍ ሲባል ሰው የሚታየው ነጭ ጓንትና አረንጓዴ ሜዳ ነው። እኔን የሚሸተኝ የባትሪ አሲድ ነው። በ16 ዓመቴ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የገባሁበት የመጀመሪያ ሥራዬ ጎልፍ ሜዳ ነበር፤ ሜዳው ላይ እንኳ ሳይሆን ከጀርባው፣ ተጫዋቾቹ ሜዳው ላይ የሚሳፈሩባቸው ትንንሽ ጋሪዎች በሚያድሩበት መጋዘን ውስጥ።

ሥራው ቀላል ነው። ጠዋት ጋሪዎቹን አውጥቶ መደርደር፣ ማታ ሲመለሱ ማጠብ፣ ቻርጀር ላይ ሰክቶ መሄድ። በመሀል ደግሞ መለማመጃው ላይ የተበተነውን ኳስ በመልቀሚያው መኪና እየዞሩ መሰብሰብ አለ። መኪናው ዙሪያውን በሽቦ የታጠረ ነው። ለምን እንደሆነ የገባኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው፦ እነዚያ የተከበሩ ሰዎች የተተከለላቸውን ባንዲራ ትተው የሚያነጣጥሩት እኔ ላይ ነው! 46 ግራም የማትሞላ ኳስ ሽቦው ላይ ስታርፍ ልብ ታቆማለች። ያገኘኝ ሰው ደግሞ ይጨበጨብለታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለምጄው እኔም ከውስጥ ሆኜ አጨበጭብ ጀመር።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ጋሪዎቹ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው። መቀመጫው ሥር 8 ቮልት የሆኑ 6 ባትሪዎች ተደርድረዋል፣ ተደምሮ 48 ቮልት። አንዱ ባትሪ 4 ሴል፣ ማለትም ፈሳሽ የያዘ ክፍል አለው፣ እያንዳንዱም የራሱ ክዳን፤ ስለዚህ አንድ ጋሪ 24 ክዳን ማለት ነው። 20 ጋሪ ነበረን። እንግዲህ አባዙት። 480 ክዳን አንድ በአንድ እየከፈትኩ፣ ጎንበስ ብዬ በእጅ ባትሪ እያየሁ፣ የጎደለውን በተጣራ ውሃ መሙላት የኔ ድርሻ ነበር። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ባትሪውን ይጎዳዋል።

ያሠሩኝ የነበሩት ሽማግሌ መካኒክ ወሬ አይወዱም። «ውሃው ከቻርጅ በኋላ ነው» አሉኝ፣ አለቀ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ ቀን በማግስቱ ትልቅ ውድድር ነበረ። ጋሪዎቹ በጠዋት መውጣት አለባቸው፣ እኔ ደግሞ ገና ሳይነጋ ተነስቼ 480 ክዳን ልከፍት ነው። ቆይ፣ ዛሬ ማታ ሞልቼው ብሰካውስ? ውሃ ያው ውሃ አይደል፣ ቀድሞ ገባ ዘግይቶ ገባ ምን ለውጥ አለው ብዬ፣ በዚያ ላይ ለነገም ይበቃል ብዬ እያንዳንዱን ሴል እስከ አፉ ሞላሁት። ሰክቼ እያፏጨሁ ወደ ቤት። በጣም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ጠዋት መጋዘኑን ስከፍት ወለሉ እርጥብ ነው። ከየጋሪው ሥር ኩሬ ተኝቷል፣ የባትሪዎቹ አናት ረጥቧል፣ አየሩ ጉሮሮ ይከረክራል። እኔ ግን ውሃ መሰለኝ። ጨርቅ አንስቼ ተንበርክኬ መወልወል ጀመርኩ።

«ጨርቁን ጣል!» የሚል ድምፅ ከበር መጣ። «ሂድ እጅህን ታጠብ፣ ደህና አድርገህ።»

ታጥቤ ስመለስ ሰውዬው ቤኪንግ ሶዳ ባልዲ ውስጥ በጥብጠው ወለሉ ላይ እያፈሰሱ ነበር። ሲሚንቶው ላይ ያለው ነገር ቱፍ ብሎ አረፋ ሆነ። ያኔ ነው ውሃ አለመሆኑ የገባኝ።

ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ አረፋ ያወጣል። ከላይ ክፍት ቦታ ከሌለው ይገነፍላል። የሚገነፍለው ደግሞ እኔ የጨመርኩት ውሃ ብቻ ሳይሆን ከአሲዱ ጋር የተቀላቀለው ነው፤ የፈሰሰው አሲድ በሚቀጥለው ቀን ውሃ ስለተጨመረ አይመለስም፣ ባትሪው እየደከመ ይሄዳል። ከቻርጅ በፊት ውሃ የሚጨመረው ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ከፈሳሹ በላይ ብቅ ካሉ ብቻ ነው፣ እሱም እስኪሸፈኑ ድረስ። አረፋው የሚያወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፣ በእሳት ይፈነዳል፤ ለካ ማታ ማታ መስኮቶቹን የሚያስከፍቱኝ ለዚህ ኖሯል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እዚያው ቆመው፣ በአምስት ደቂቃ።

«ታዲያ ይሄን ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አልኳቸው። አፌ አመለጠኝ።

«ነግሬሃለሁ ልጄ። ከቻርጅ በኋላ ነው አላልኩህም?»

«ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።»

ዝም ብለው አዩኝ። ባልዲውን አቀበሉኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ለ16 ዓመት ልጅ ምክንያቱ ያልተነገረው ትእዛዝ የሽማግሌ ልማድ ነው የሚመስለው፣ አሁንም እንደዚያ ነው የማስበው። ሰውዬው አንድም ቀን ልክ ነህ አላሉኝም። ግን አንድ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ወርዶ ሳለ አቋርጬ ልሄድ ስል ክንዴን ያዙኝ። «አትርገጠው» አሉኝና፣ ትንሽ ቆይተው «ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኗል። ከረገጥከው ይሰበራል፣ ኮቴህ ጠቁሮ ይቀራል» ብለው ጨመሩበት። ለሳቸው ይሄ ንግግር ማድረግ ነው።

ጋሪዎቹ በዚያ የውድድር ቀን ሁሉም ወጡ፣ ሁሉም ተመለሱ። እኔ ግን ያንኑ ሱሪ ለብሼ ነው የዋልኩት። ታጥቦ ሲደርቅ ጉልበቱ ወንፊት ሆኖ ወጣ። እናቴ አይጥ ገብቷል ብላ ቤቱን ሙሉ ስትፈትሽ ዋለች፣ እኔም አብሬያት ቁም ሳጥን ስገፋ ዋልኩ።